ዲኤምኤ ላይ የራስን ፓች ይዞ መዝለቅ፦ ፓቹ አልገባም ይላል፣ ኢሜይሉ ሁለቴ ይደርሳል

#1 ጠጋኙ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ዲኤምኤ ነው፤ ከድራጎንፍላይ ቢኤስዲ የወጣው ትንሹ ኢሜይል ላኪ። ሲስተሙ ዴቢያን 12፣ ሥሪቱ 0.13። ለ0.11 ተጽፈው የነበሩ ሦስት የራሳችን ፓቾች (በዋናው ኮድ ላይ የሚገቡ የለውጥ ፋይሎች) አሉ፦ አንዱ የአስተላላፊውን ሰርቨር ሰርተፊኬት ያረጋግጣል፣ ሁለተኛው ረጃጅም መስመሮችን ይቆርጣል፣ ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ይቀይራል። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው።

ፓቾችን በተራ የሚያስገባው ኩዊልት ሦስቱንም እሺ ብሎ ያስገባል። ጥቅሉ ሲገነባ ግን የዴቢያን ጥቅል መሥሪያ ዲፒኬጂ-ሶርስ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፋይሉ ያው፣ ፓቹም ያው።

አንዳንድ ኢሜይል ለተቀባዩ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የእኛ ሎግ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል ይላል፤ አስተላላፊው ሰርቨር ግን ሁለቱንም 250 (እሺ የሚል የሰርቨር መልስ) ብሎ ተቀብሏል።

ሦስተኛው ግራ ያጋባል፦ ከተርሚናል የሚላከው ኢሜይል «ቀኑ የተበላሸ ነው» እየተባለ የአይፈለጌ መልእክት ነጥብ ይቆጠርበታል። በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚላከው ንጹሕ ነው።

#2 ባለኩዊልት

የመጀመሪያው ፉዝ ነው። ፓች የሚባለው ፕሮግራም ለውጡ የሚገባበትን ቦታ የሚያገኘው በዙሪያው ባሉ መስመሮች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከላይ 3 ከታች 3። አልገጥም ሲሉት ከጫፍና ከጫፍ አንድ፣ ቢበዛም ሁለት መስመር እየተወ ይሞክራል። ኩዊልት ይህን ይፈቅዳል። ዲፒኬጂ-ሶርስ ግን ፉዙን 0 አድርጎ ስለሚጠራው አንዲት የዙሪያ መስመር ብትዛነፍ እምቢ ይላል። እምቢ ማለቱም ልክ ነው። የዲኤምኤን ኔት.ሲ ከፍተህ እየው፦ የሜይል (ላኪ)፣ የአርሲፒቲ (ተቀባይ)፣ የዳታ (ጽሑፍ) ትእዛዝ ልኮ መልስ የሚፈትሽ መንትያ የሚመስል ኮድ ይደጋገማል። በፉዝ የገባ ለውጥ የጎረቤቱ ቦታ ላይ ቢያርፍ ኮምፓይለሩ ምንም አይልህም።

ስለዚህ ሁሉንም ፓች በ«ኩዊልት ፖፕ -ኤ» አውርድና አንድ በአንድ «ፑሽ» አድርግ። «ዊዝ ፉዝ» የሚል መስመር ሲወጣ እዚያው ቁም። ፋይሉን ክፈት፣ ለውጡ የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንዳረፈ በዓይንህ አረጋግጥ፤ ከዚያ ነው «ሪፍሬሽ» የሚደረገው። ሳያዩ ሪፍሬሽ ማድረግ ስሕተቱን በንጹሕ ፓች መልክ ማኅተም መምታት ነው። በኩዊልት መቼት ፋይል ውስጥ ሪፍሬሹ ሰዓትና የኢንዴክስ መስመር እንዳይጽፍ አድርግ፣ አለዚያ ምንም ያልተቀየረ ፓች ሁሉ በጊት ላይ የተቀየረ መስሎ ይታያል።

ሌላ፦ እያንዳንዱ ፓች አናት ላይ በዴፕ-3 (የዴቢያን የፓች መግለጫ ደንብ) አጻጻፍ መግለጫ ይኑር። «ዲስክሪፕሽን» ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ለምን እንዳስፈለገ ይናገር፤ ምን እንደሚያደርግማ ኮዱ ይናገራል። «ፎርዋርድድ» የሚለው ለዋናው ፕሮጀክት መላክ አለመላኩን ይይዛል። ከ0.11 የመጣ ፓች አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ብቻ ነው።

#3 ሥሪት_ቆጣሪ

@ጠጋኙ ሳልረሳው፣ ጥቅላችሁ የሚይዘው የሥሪት ቁጥር እንዴት ነው?

#4 ጠጋኙ

0.13-1+ሎካል1 ነው። በላቲን ፊደል ማለቴ ነው።

#5 ሥሪት_ቆጣሪ

ፈራሁት። የዴቢያን 12 የደኅንነት ማሻሻያ ቢወጣ መለያው +ዴብ12ዩ1 ይሆናል። ዲፒኬጂ ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለውን በፊደል ተራ ያወዳድራል፤ የሎካል መነሻ ኤል ከዴብ መነሻ ከዲ በኋላ ናት። ስለዚህ የእናንተው ጥቅል «አዲሱ» ይሆናል፣ ጥቅል አዳሹ አፕትም የደኅንነት ማሻሻያውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስሕተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። በ«ዲፒኬጂ --ኮምፔር-ቨርዥንስ» ሁለቱን አወዳድረህ ማየት ትችላለህ።

መፍትሔው ከመደመሩ በኋላ ከዲ የሚቀድም ፊደል ነው፤ +ኤ1 በቂ ነው። ከ0.13-1 ይበልጣል፣ ከ+ዴብ12ዩ1 ያንሳል፣ ዴቢያን ኮዱን ሳይነካ እንደገና ሲገነባ ከሚጠቀምበት +ቢ1ም ያንሳል። የሞገድ ምልክት ያለበት 0.13-1~ሎካል1 ግን ወዲያ ማዶ ይጥልሃል፦ ከዋናው 0.13-1 ራሱ ያንሳልና በመጀመሪያው ማሻሻያ ይጠፋል።

#6 ባለኩዊልት

> +ኤ1 በቂ ነው

እዚህ ላይ አልስማማም። +ኤ1 ከሆነ የደኅንነት ማሻሻያው ሲመጣ የሰርተፊኬት ማረጋገጫው ፓች ሳይታይ ይወገዳል። ኢሜይሉ መሄዱን ይቀጥላል፣ ማረጋገጫው ግን የለም። ያም የደኅንነት ቀዳዳ ነው።

#7 ሥሪት_ቆጣሪ

እውነት ነው፤ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። ምሳሌ፦ በ2020 መጀመሪያ ኦፕንኤስኤምቲፒዲ በተባለው ሌላ ኢሜይል ሰርቨር ላይ የወጣው ሲቪኢ-2020-7247 (የደኅንነት ቀዳዳው መዝገብ ቁጥር)። አድራሻን የሚፈትሸው ፈንክሽን የዶሜይን ክፍሉ ባዶ ሲሆን ዶሜይኑን ሞልቶ፣ የስሙን ክፍል ስሕተት ሳያይ «ደህና ነው» ይል ነበር፤ በላኪው አድራሻ ውስጥ የሼል ትእዛዝ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ያውም በሩት (የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን) ሥልጣን። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ከሚያመልጠኝ ፓቼ ቢጠፋ ይሻለኛል።

ለሁለቱም የሚሆነው፦ ቁጥሩን +ኤ1 አድርጎ የማዋቀሪያ ፋይሉን ለፓቹ ምስክር ማድረግ ነው። ፓቹ የሚጨምረው አዲስ ቁልፍ ቃል አለ እንበል። ዋናው ዲኤምኤ የማያውቀው ቃል ዲኤምኤ.ኮንፍ ውስጥ ሲያገኝ ስሕተት ሰጥቶ ይቆማል። ፓቹ የጠፋ ቀን ኢሜይሉ መሄድ ያቆማል፣ በዚያው ቀን ታውቃለህ።

#8 ባለኩዊልት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጥሩ ነው። የምስክርነቱ ነገር ግን በየጊዜው በሙከራ ይረጋገጥ።

#9 ወረፋ_ጠባቂ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የጊዜ ገደቡ ፓች ቁጥሩን ወደ ስንት ነው የቀየረው?

#10 ጠጋኙ

ከ300 ሰከንድ ወደ 60። የሞቱ ሰርቨሮች ላይ ረጅም ጊዜ እንዳይቆም ተብሎ።

#11 ወረፋ_ጠባቂ

በሽታው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉን እይ። ዲኤምኤ መልእክቱን ጽፎ ይጨርስና የመጨረሻዋን ነጥብ ብቻዋን በአንድ መስመር ይልካል። አስተላላፊው ሰርቨር 250 ከማለቱ በፊት ቫይረስ ይፈትሻል፣ የአይፈለጌ ነጥብ ይቆጥራል፣ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ይህ 70 ሰከንድ ከፈጀ የእናንተ ላኪ በ60ኛው ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ሰርቨሩ በ70ኛው መልእክቱን የራሱ ያደርገዋል። ላኪው አልሄደም ብሎ ወረፋ ውስጥ ያቆየዋል፣ ቆይቶም ይደግመዋል። ሁለቱም ወገን እንደ ሕጉ ነው የሠራው፤ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀረ።

የኢሜይል መላላኪያው (ኤስኤምቲፒ) ደንብ አርኤፍሲ 5321 ገደቡን ለየደረጃው የለያየው ለዚህ ነው፦ ለመጀመሪያው 220 መልስ 5 ደቂቃ፣ ለሜይልና ለአርሲፒቲ 5፣ ለዳታ ትእዛዝ መልስ 2፣ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል 3፣ ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ 10 ደቂቃ። ዋናው ኮድ ለሁሉም የሚጠቀመው 300 ሰከንድ ራሱ ለመጨረሻው ያንሳል። ስለዚህ ፓቹን ጣሉትና በሌላ ተኩት፦ ማሳጠር የምትፈልጉት ግንኙነት መክፈቱን ከሆነ እሱን ብቻ አሳጥሩ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ንባብ ወደ 600 ከፍ አድርጉ።

ለማረጋገጥ የአስተላላፊውን ሎግ ተመልከት። አንድ ሜሴጅ-አይዲ (የመልእክቱ መለያ)፣ ሁለት የወረፋ ቁጥር ታገኛለህ። በሁለቱ መካከል 6 ደቂቃ ገደማ ካለ ጉዳዩ አለቀ፦ 60 ሰከንድ የጠበቀው፣ 300 ሰከንድ ደግሞ ዲኤምኤ ከመጀመሪያው ክሽፈት በኋላ የሚተኛው። ከዚያ በኋላ እየደጋገመ ቢከሽፍ የሚተኛበትን ጊዜ በየዙሩ ከ1.5 እስከ 2.5 እጥፍ ያሳድገዋል፣ ጣሪያው 3 ሰዓት ነው፣ በ5 ቀኑ መልእክቱን ለላኪው ይመልሰዋል።

#12 ጠጋኙ

ልክ 6 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከጥቂት ሰከንድ ጋር። ሌላ ጥያቄ፦ የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል 3 ላይ ግንኙነቱ ሳይሰናበት ሲዘጋ ስሕተት ይሰጣል ይባላል። እሱስ ድርብ ኢሜይል አያመጣም?

#13 ወረፋ_ጠባቂ

ከ3.0 ጀምሮ ያ እውነት ነው፤ ሌላው ወገን የቲኤልኤስ (የምስጠራው) መዝጊያ ምልክት ሳይልክ ቲሲፒውን (ሥር ያለውን ግንኙነት) ከዘጋ እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ዲኤምኤን ግን አያስተውም። ከነጥቡ በኋላ 250 ካገኘ፣ «ክዊት» (መሰናበቻው ትእዛዝ) ላይ ቢከሽፍ ማድረሱ እንደተሳካና ክዊቱ ብቻ እንደከሸፈ ሎግ ላይ ጽፎ ያልፋል። በዚያ አካባቢ ፓች ስታስገባ ይህችን ሥርዓት አትንካ፦ 250 ከተሰማ በኋላ የሚመጣ ምንም ዓይነት ስሕተት መልእክቱን ወደ ወረፋ መመለስ የለበትም።

መሞከሪያ፦ ፖስትፊክስ ከተባለው ኢሜይል ሰርቨር ጋር የሚመጣ «ኤስኤምቲፒ-ሲንክ» የሚባል አለ፤ ኢሜይል ተቀብሎ የሚውጥ ሐሰተኛ ሰርቨር ነው። 127.0.0.1 ላይ ፖርት 2525 ክፈትበት፣ የዲኤምኤን «ስማርትሆስት» (የአስተላላፊው ሰርቨር ስም) እና «ፖርት» ወደዚያ አዙር። በትልቁ ደብልዩ አማራጭ ነጥቧ ላይ የ90 ሰከንድ መዘግየት ስጠው፤ የድሮው ፓች ድርብ ኢሜይሉን ይወልድልሃል። በትንሹ ኪው አማራጭ «ክዊት» ስትለው ደግሞ ክዊት ሲሰማ ሳይመልስ ይዘጋል። በትንሹ ኪው ራሷን ነጥቧን ብትሰጠው ከነጥቧ በኋላ የሚቋረጥ ሰርቨር ይሆናል፤ እሱ ላይ ላኪው መድገም አለበት፣ 250 አልሰማምና። ሲንኩ ቲኤልኤስ አያውቅም፣ ለሱ ሌላ ሰርቨር ያስፈልግሃል።

#14 ቁራጭ_ባይት

ሦስተኛውን እኔ ልገምት። ረጃጅም መስመር ቆራጩ ፓች ውስጥ «ሴትሎኬል» የሚባል ፈንክሽን ይጠራል?

#15 ጠጋኙ

አዎ! ፊደል መሐል እንዳይቆርጥ «ኤምቢአርለን» ይጠቀማል፣ እሱ ደግሞ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል መቼት) ይፈልጋል። ከቀን ጋር ምን አገናኘው?

#16 ቁራጭ_ባይት

ዲኤምኤ የቀን መስመሩን የሚሠራው በ«ስትርፍታይም» ነው፤ የቀንና የወር ስም የሚያወጣው ፕሮግራሙ ባለበት ሎኬል ነው። ፕሮግራሙ ሴትሎኬልን ካልጠራ ሁሌም በነባሪው ሲ ሎኬል ይቆያል፣ ስሞቹም የኢሜይል ቅርጽ ደንቡ አርኤፍሲ 5322 እንደሚለው እንግሊዝኛ ይሆናሉ። ፓቹ ሎኬሉን በሙሉ ሲከፍተው፣ ተርሚናሉ አማርኛ ከሆነ፣ «ዴት» መስመር ላይ የቀኑ ስም በአማርኛ ይወጣል። ለእኛ ደስ ይላል፣ ለኢሜይል ሰርቨር ግን ቆሻሻ ነው። ክሮን የተርሚናሉ የሎኬል ተለዋዋጮች ስለማይደርሱት ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ሎኬሉ ጭራሹን አያስፈልግም። ዩቲኤፍ-8 ላይ የፊደልን ወሰን ባይቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል፦ የመጀመሪያ ሁለት ቢቶቹ 10 የሆኑ ባይት የፊደል ቅጥያ ነው፣ እዚያ ፊት ላይ አይቆረጥም። እስኪያልፍ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። የአንድ መስመር ጣሪያ ያለ መስመር መዝጊያው 998 ባይት ነው። 332 ፊደል 996 ባይት ይይዛል፤ 333ኛው ፊደል ሁለት ባይቱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ይሰነጠቃል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን መቼም አያየውም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ 400 ጊዜ «ሀ» በአንድ መስመር፣ 1200 ባይት።

ይልቅ እዚህ ፓች ላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ቁረጣው የሚሆነው ነጥብ ከመደረቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

#17 ጠጋኙ

በኋላ። ነጥብ የሚደርበው ኮድ መስመሩን ካነበበ በኋላ ነው የሚቆረጠው።

#18 ቁራጭ_ባይት

ዛሬውኑ ከአገልግሎት አውጡት።

ኤስኤምቲፒ ላይ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሁሉ ሌላ ነጥብ ይደረብበታል፣ ተቀባዩም አንዷን ያነሣል። ምክንያቱ ብቻዋን የቆመች ነጥብ የመልእክት ማብቂያ ስለሆነች ነው። አሁን የእናንተን ፓች ተመልከት፦ አንድ ሰው 998 ፊደል «ኤ» በላቲን፣ ቀጥሎ አንዲት ነጥብ ብቻ አድርጎ መስመሩን ይዝጋ። መስመሩ በነጥብ ስለማይጀምር አይደረብበትም። ከዚያ ትቆርጡታላችሁ፤ ቁራጩ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ነው። ሰርቨሩ መልእክቱ አለቀ ይላል፣ ከሥር ያለውን ጽሑፍ እንደ አዲስ ትእዛዝ ያነባል። ጽሑፉ «ሜይል ፍሮም» ብሎ ከጀመረ በእናንተ መግቢያ ስም ሌላ ኢሜይል ወጣ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2023 በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ይፋ የሆነው የኤስኤምቲፒ ኮንትሮባንድ ችግር፣ ፖስትፊክስን፣ ሴንድሜይልንና ኤክሲምን ሁሉ ፓች ያስወጣው፣ መነሻው ሌላ ቢሆንም ዘሩ ያው ነው፦ መልእክቱ የት እንደሚያልቅ ላኪና ተቀባይ አለመስማማታቸው። እዚያ ላይ ልዩነቱ የመጣው የመስመር መዝጊያውን አንዱ በጥብቅ፣ ሌላው በላላ መንገድ በማንበቡ ነበር።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደ አዲስ መስመር ቆጥረህ ነጥብ ደርብ፣ በመጨረሻ ሲአርኤልኤፍ (የመስመር መዝጊያውን) ጨምር። በራስጌ መስመሮች ላይ ደግሞ ቁራጩ በክፍት ቦታ ካልጀመረ አዲስ ራስጌ መስሎ ይነበባል፤ ክፍት ቦታው ራሱም ከ998ቱ ይቆጠራል።

እውነቱን ለመናገር መቁረጥ ማስታገሻ ነው። ረጅሙን መስመር የፈጠረው ፕሮግራም በኮትድ-ፕሪንተብል ወይም በቤዝ64 (ጽሑፍን በአጫጭር መስመሮች በሚያስቀምጡ ኮዶች) ቢልከው መስመሩ ከ76 ፊደል አያልፍም፣ ፓቹም አያስፈልግም።

#19 ለምን_ይደክማል

ይቅርታ ግን ፖስትፊክስ እያለ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? አስተላላፊውን ስም በቅንፍ ውስጥ ጽፎ፣ በሎካል ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ የቲኤልኤስ ደረጃውን «ሴኪዩር» ማለት ነው። ጥቂት መስመር።

#20 ወረፋ_ጠባቂ

ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፣ አልከራከርም። ዲኤምኤ የሚመረጠው ፖርት 25 ላይ የሚሰማ ምንም ነገር ስለሌለውና ሁሌ የሚሮጥ ፕሮሰስ ስለማይፈልግ ነው፤ ፍሪቢኤስዲም ከ14.0 ጀምሮ በሴንድሜይል ፋንታ እሱን ነባሪ አድርጎታል። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ያልሄደ መልእክት ሁሉ የራሱን ፕሮሰስ ይዞ ይጠብቃል። ማሽኑ ሲጠፋ ፕሮሰሶቹ ይሞታሉ፣ መልእክቱ ስፑሉ (የወረፋው ማኅደር) ውስጥ ይቀራል፤ ከተነሣ በኋላ «ዲኤምኤ -ኪው» የሚጠራ ነገር ከሌለ እዚያው ይኖራል።

#21 ቁልፍ_መርማሪ

ስለ ሰርተፊኬቱ ፓች ማንም አላነሣም፣ እኔ ልጨምር። 0.13 ላይ ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ማቅረቡን እንጂ ማን እንደፈረመው አይታይም። ያለው አማራጭ «ፊንገርፕሪንት» ነው፤ የሰርተፊኬቱን ሻ-256 አሻራ ይቆልፋል። ሰርተፊኬቱ በየ90 ቀኑ በሚታደስበት ዘመን ይህ በየእድሳቱ ኢሜይል ማቆም ማለት ነው። ስለዚህ ፓቹ ተገቢ ነው፤ ሦስት ነገር ግን ማሟላት አለበት።

የሲስተሙን የሥር ሰርተፊኬቶች መጫን ብቻውን አይበቃም። የማረጋገጫውን ሁነታ «ፒር» ማድረግ፣ ደግሞም ስሙን በ«ኤስኤስኤል_ሴት1_ሆስት» መስጠት ግድ ነው። ስሙ ካልተሰጠ ማንኛውም ሕጋዊ ሰርተፊኬት ያለው ሰው አስተላላፊህን መስሎ ይቀርባል፤ ሙከራውም ሁሌ ያልፋል። የቲኤልኤስ ሥራው ያለው ክሪፕቶ.ሲ ውስጥ ስለሆነ ስሙን ከኔት.ሲ ወደዚያ ማሻገር ይኖርብሃል፤ ፓቹ የሚያድገው በዚህ ነው። በዚያው ስሙን ለኤስኤንአይም (ሰርቨሩ ለየትኛው ስም እንደተጠራ ለሚነግረው) ስጠው።

ማረጋገጫው የሚገደደው «ስማርትሆስት» ሲኖር ብቻ ይሁን። በቀጥታ ወደ ኤምኤክስ (የተቀባዩ ኢሜይል ሰርቨር) ሲላክ ብዙ ሰርቨር ራሱ የፈረመውን ሰርተፊኬት ያቀርባል፤ እዚያ ላይ ብታጠብቀው ግማሹ ኢሜይል ይታፈናል። ያልተፈረመ ዲኤንኤስ የሰጠህን ስም ማረጋገጥም ትርጉም የለውም።

ማዋቀሪያው ላይ «ስታርትቲኤልኤስ» ለብቻው አይሠራም፣ «ሴኪዩርትራንስፈር» አብሮ ይከፈት። ፖርት 465 ከሆነ ሁለተኛው ብቻ። «ኦፖርቹኒስቲክ» የሚለው ግን ይዘጋ፤ ክፍት ከሆነ ቲኤልኤሱ ሲከሽፍ በግልጽ ጽሑፍ ይቀጥላልና ፓቹ ለጌጥ ይቀራል።

በእጅ ስትሞክር ደግሞ፦ በ«ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት» ገብተህ «አርሲፒቲ ቱ» በትልልቅ ፊደል ብትጽፍ ግንኙነቱ ይበላሻል። መስመሩ በትልቁ አር ሲጀምር ፕሮግራሙ «እንደገና ተደራደር» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። በትንንሽ ፊደል ጻፈው ወይም በ«-ኳየት» አስነሣው።

#22 ጠጋኙ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መስመር ቆራጩ ወጥቷል፣ ገደቡ ከነጥቧ በኋላ 600 ሆኗል፣ በሲንኩ 90 ሰከንድ መዘግየት አንድ ኢሜይል ብቻ ይደርሳል። የሥሪት ቁጥሩም +ኤ1። አንድ ነገር ቀረ፦ በስትሬስ (የፕሮግራምን የከርነል ጥሪዎች በሚያሳየው) እየተከታተልኩ ሳስነሣው «ፈቃድ የለም» ብሎ ስፑሉን አይከፍትም፤ ያለ ስትሬስ ይሠራል።

#23 ወረፋ_ጠባቂ

ያ ስሕተት አይደለም። ዲኤምኤ ስፑሉን የሚከፍተው በሴትጂአይዲ (ማንም ቢያስነሣው የፋይሉን ቡድን ሥልጣን በሚሰጥ ምልክት) የ«ሜይል» ቡድን ሥልጣን ነው (የፋይሉ ፈቃድ 2755)፤ ተራ ተጠቃሚ በስትሬስ ሲያስነሣው ከርነሉ ሥልጣኑን አይሰጠውም። ሩት ሆነህ በ«-ዩ» አማራጭ በተጠቃሚው ስም አስነሣው፣ ያኔ ሴትጂአይዲው ይጠበቃል።

በዚያው ኦውዝ.ኮንፍን (የይለፍ ቃሉን ፋይል) እይ። በሩት ቢነሣም ዲኤምኤ ወደ «ሜይል» ተጠቃሚ ይወርዳልና 0600 የሩት ብታደርገው የይለፍ ቃሉን አያነበውም። 0640፣ ባለቤት ሩት፣ ቡድን ሜይል። በውስጡ ያለው የሰርቨር ስም ደግሞ «ስማርትሆስት» ላይ ከጻፍከው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

#24 ጠጋኙ

0600 ነበር። ገባኝ።